ወንዝ ያልተሻገረ ጥሪ

ልጄ ባለፈው ቅዳሜ ከካምፕ ስትመለስ ይዛው የመጣችውን የጀሶ ዱካ ራት የምንበላበት ጠረጴዛ ጥግ ላይ አስቀመጠችው። የጅብ የፊት እግር ነው፤ አራት ጣት፣ ጥፍሩ ሳይቀር ወጥቷል። ጀሶው በደንብ አልደረቀምና ሽታው ከወጡ ሽታ ቀድሞ አፍንጫዬ ደረሰ። እርጥብ ጀሶ ዝናብ የመታው የኖራ ግድግዳ ይሸታል፤ ለሌላ ሰው ምንም አይደለም። እኔ ግን ከዚህ ሽታ ሠላሳ ዓመት ያህል ሸሽቼ ኖሬያለሁ። ቤቴን ስሠራ እንኳ ግድግዳዬን ጀሶ አላስነካሁትም፤ ባለቤቴ ለምን እንደሆነ ጠይቃ ጠይቃ ሰልችቷት ትታዋለች።

«አባዬ፣ ታሪክም ነግረውናል» አለች ልጄ እጇን እየታጠበች። «ድሮ አንድ ወጥመደኛ ገበሬ ነበር አሉ። ጅግራ እያጠመደ ይሸጥ ነበር። የካምፑ መሪ ይዞ መከረውና ተጸጸተ። በኋላ መሪውን ደራሽ ውሃ ሊወስደው ሲል ያው ወጥመደኛ ገብቶ አወጣው። ደስ አይልም?»

«ማን ነው የነገራችሁ?»

«አሰልጣኛችን። የመሪው ፎቶ እኮ አዳራሹ ውስጥ ተሰቅሏል። አሁን ሸምግሏል አሉ።»

«ብዪ ራትሽን» አልኳት። የጠቀለልኩትን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መልሼ ተነሣሁ።

ያ ወጥመደኛ አያትሽ ነው አላልኳትም። እሷ ስትወለድ እሱ ካረፈ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። የምታውቀው በፎቶ ነው፤ በዱላ ተደግፎ፣ አንድ እግሩን ዘርግቶ ደጃፍ ላይ እንደተቀመጠ።

እኔ የሽንኩርት እርሻዎች የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ነኝ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቀርቷል፤ የጎደለውን በተዋስኩት መጽሐፍና ሱቅ ስኳር በሚጠቀልልበት ጋዜጣ ሞልቻለሁ። ልጆቼ ሲዋሹ ካገኘኋቸው አልምርም። ስለዚህ እዚህ ላይ መዋሸት አይገባኝም፤ ይህን የምጽፈው ለበቀል ነው። ያ ሰው ከነፈገግታው አዳራሽ ውስጥ ተሰቅሎ፣ አባቴ ደግሞ በልጆች አፍ ወጥመደኛ እየተባለ ሲኖር ዝም ብዬ አልሞትም። ክፋቱ፣ የአባቴን ስም ላጥራ ካልኩ የራሴን ነውር ማውጣት ግድ ነው። ሠላሳ ዓመት አፌን የያዘኝም ይኸው ነው።

ካምፑ ዛሬም እንደዚያን ጊዜው የሚደረገው በክረምት ነው፤ ከሸዋ ሮቢት ዝቅ ብሎ ወንዙን ይዞ በተከለለው የዱር እንስሳት መጠበቂያ ውስጥ። ያን ዓመት አሥራ ስድስት ልጆች ነበርን። አብዛኞቹ የከተማው ልጆች ናቸው፤ አራቱ ከደብረ ብርሃን የወረዱ፣ ሙቀቱ ፊታቸውን ያቀላው። ከወንዝ ዳር መንደር የመጣሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ስድስተኛን አንደኛ ሆኜ ስለጨረስኩ ትምህርት ቤቱ መረጠኝ። ዕድሜዬ አሥራ ሦስት ነበር። የአባቴ ማሳ ከወንዙ ማዶ፣ ከካምፑ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። ጠዋት ከድንኳን ስወጣ ማሾ ሲያርም ከሩቅ አየው ነበር፤ ጎንበስ ቀና የሚል ነጭ ነጥብ።

ድንኳኖቹ ከግራሮቹ ሥር ተተክለዋል። ሌሊት ከዘነበ ጠዋት ፀሐይ ሸራውን ስትነካው ይተናል፤ የሸራው፣ የእርጥቡ አፈርና የግራር ሙጫው ሽታ አንድ ላይ ይነሣል። ከርከሮዎች ጭራቸውን ቀጥ አድርገው፣ ግልገሎቻቸውን አስከትለው በማዕድ ቤቱ በኩል ያልፋሉ። ከዚያ በፊት ከርከሮን የማውቀው ማሽላችንን እንደሚያወድም ሌባ ነበር። እዚያ ግን ተንበርክኮ ሳር ሲግጥ አየሁትና ሳቅኩ። ቂም የያዝኩበትን ነገር ስጽፍ ደስታውን መካድ ይቃጣኛል፤ ግን ደስ ይለኝ ነበር።

መሪያችን ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ነበር። ሱሪው ኪሰ ብዙ፣ አንገቱ ላይ ፊሽካ ያንጠለጠለ። ጋሼ እንለው ነበር። ለእውነት ስል ይህንንም ልናገር፦ እኔን ይወደኝ ነበር። የአጋዘንን ዱካ ከከብት ዱካ ለይቼ ሳሳየው በደብተሩ ይጽፍና «ጎበዝ፣ አንተ እኮ አስተማሪዬ ነህ» ይለኝ ነበር። ከትምህርት ቤት መጽሐፍ ሌላ መጽሐፍ ለመጀመሪያ ጊዜ በእጄ ያስያዘኝ እሱ ነው። የሰውን ደግነት መቁጠር በቀልን ያደክማል ይላሉ። የእኔን አላደከመውም።

ጠዋት ጠዋት በረድፍ ያቆመንና ፊሽካውን ነፍቶ ይጠይቀናል።

«የዱር ጠላት ማነው?»

«ወጥመደኛ» እንላለን አሥራ ስድስታችን በአንድ አፍ።

«ወጥመደኛን ስናይ?»

«እናጋልጣለን።»

እንዲህ በየቀኑ ከተባለ በኋላ መልሱ ከአፍ እንጂ ከልብ አይወጣም። ልጆቼን ምንም ነገር በኅብረት እንዳይጮኹ የምከለክላቸው ለዚህ ነው። ባለቤቴ አክራሪ ትለኛለች።

በሁለተኛው ሳምንት እሑድ የወላጆች ቀን ሆነ። ከዚያ በፊት በመጠበቂያው ዘብ በኩል ለአባቴ መልእክት ልኬ ነበር። ዘቡ የአርጎባ ሽማግሌ ነው፤ ወንዙን ተሻግሮ ሲሄድ የሁላችንንም ሰላምታ ያደርሳል። «ደህና ነኝ በልልኝ፤ እዚህ ሰዎቹ ከምንም በላይ ወፍ ይወዳሉ በልልኝ» አልኩት። የማወራው ሌላ ነገር አጥቼ ነበር እንዲህ ያልኩት።

እኛ አገር አስተማሪ ዘንድ ባዶ እጅ አይኬድም። የልጅህን ዓይን ለሚከፍት ሰው ካለህ ማር፣ ከሌለህ እንቁላል፣ እሱም ከጠፋ እሸት ይዘህ ትሄዳለህ። አባቴ ሌሊቱን ሲያስብ አድሮ፣ ወፍ ለሚወዱ ሰዎች ወፍ ይዞ መጣ።

ከሌሎቹ ወላጆች ዘግይቶ ደረሰ። ነጠላው ታጥቧል፤ የጎማ ጫማውን ወንዙ ላይ አጥቦት ገና ውሃ ያንጠባጥባል። በብብቱ አዲስ ቅርጫት ይዟል። ቅርጫቱ ውስጥ ጅግራ አለች፤ ሕያው፣ ላባዋ እንኳ ያልተነቀለ፣ ነጠብጣቧ የሚያበራ። እግሯን ያሰረው በገመድ አልነበረም። እንዳያማት ከነጠላው ጫፍ ቀዶ በወሰደው ስስ ጨርቅ ነበር። ቀዳዳውን አየሁት፤ እናቴ እንደምትቆጣ አስቤ በልቤ ሳቅኩ።

«እንደምን ዋሉ» አለና ቅርጫቱን በሁለት እጁ ለመሪው ዘረጋ። «ልጄን ስላስተማሩልኝ ነው። ወፍ እንደምትወዱ ሰምቼ፣ ባዶ እጄን ከምመጣ ብዬ።»

መሪው ቅርጫቱን አየ። ፊቱ ተለወጠ።

«የት ነው የያዝካት?»

«ማሳዬ ዳር። በመረብ ነው፤ አልጎዳኋትም።»

አባቴ ጠጉሩ የሸበተ ሰው ነው። እሱ አንቱ ሲለው ያ ወጣት አንተ አለው። ቃሏ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ እንደ ገባች ትንኝ ናት።

«እስቲ ከፍ አድርገህ ያዛት። ሁሉም ይያት።»

አባቴ ፈገግ አለ። ስጦታው ለሰው ሊታይለት፣ ሊከበርለት መሰለው። ጅግራዋን ከቅርጫቱ አውጥቶ፣ በሁለት መዳፉ አቅፎ፣ ታቦት እንደያዘ ቄስ ከራሱ በላይ ከፍ አደረጋት። ፊሽካው ተነፋ። እግራችን ራሱ ወስዶ በረድፍ አቆመን።

«ልጆች፣ የዱር ጠላት ማነው?»

«ወጥመደኛ።»

«ወጥመደኛን ስናይ?»

«እናጋልጣለን።»

ከአሥራ ስድስቱ ድምፅ መካከል የራሴን ለይቼ ሰማሁት። አባቴም ሳይሰማው አልቀረም፤ ዓይኑ ረድፉን እየፈለገ መጥቶ እኔ ላይ ቆመ። አፌ ገና አልተከደነም ነበር። ፈገግታው ወዲያው አልጠፋም። የሚያደርሰውን ቦታ ያጣ ይመስል ፊቱ ላይ ትንሽ ቆየና ቀስ ብሎ ወረደ።

ቀሪው ቶሎ አለቀ። መሪው ጅግራዋን ተቀብሎ ጨርቁን ፈታና ለቀቃት። እግሯ ደንዝዞ ስለነበር መብረር አቃታት፤ እየተንገዳገደች ቁጥቋጦ ውስጥ ገባች፤ ልጆቹ አጨበጨቡ። የአባቴ ስም መዝገብ ላይ ተጻፈ፤ ከእንግዲህ መጠበቂያው ግቢ እንዳይገባ ተነገረው። «አላወቅሁም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ፤ አሁንም አንቱ እንዳለው። ዘቡ ባዶውን ቅርጫት አንሥቶ ሰጠውና እስከ በሩ አብሮት ሄደ። «ያ ረህማን፣ ሽማግሌ እንዲህ አይደረግም» ሲል ሰማሁት። ሌላ የተናገረ ወላጅ የለም።

በሩ ላይ ደረስኩባቸው። እወጣለሁ፣ አብሬህ እሄዳለሁ አልኩት።

«የጀመርከውን ጨርስ» አለኝ አባቴ። እጁን ራሴ ላይ አላደረገም፤ እጁ ቅርጫቱን ይዞ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ጅግራ ሆነ። የወፍጮ ቤቱ ልጅ ነው ያወጣልኝ፤ ከድንኳን ድንኳን እየዞረ «ጅግራ፣ አባትህ በሚቀጥለው ምን ያመጣልናል? አጋዘን አንቆ?» ይለኛል። አንዱ የደብረ ብርሃን ልጅ ደግሞ «ተዉት፣ እሱ ራሱ አጋልጧል እኮ፤ ሲጮህ ሰምቼዋለሁ» አለ። ሊያግዘኝ ነበር የፈለገው። ከስድቡ ሁሉ ያቃጠለኝ ይህ ነው።

በቀል መኝታዬ ሆነ። መሪው ፍራሽ ሥር የቁርቁራ እሾህ ላድርግ አልኩ፤ አነሰብኝ። ደብተሩን ወንዝ ልጣለው አልኩ፤ የጻፈውን የነገርኩት እኔ ነኝና ሳሳሁለት። ሻዩ ውስጥ ልሽና ብዬ ሌሊት ተነሥቼ፣ ማንቆርቆሪያው የሁላችንም መሆኑ ትዝ ብሎኝ ተመለስኩ። አትሳቁ። ልጅ ሲበቀል ያስቃል፤ የሚመኘውን ግን ከልቡ ነው የሚመኘው። እኔ ያ ሰው በሰው ፊት እንዲዋረድ ነበር የፈለግሁት። ሞቱን አልፈለግሁም ብዬ ብምል ደስ ባለኝ።

አሁን ስለ ወንዙ ልንገራችሁ፤ ያላደገበት ሰው አያውቀውምና። ክረምት ላይ እኛ ዘንድ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ የወንዙ አሸዋ ልጅ ኳስ እስኪጫወትበት ደርቆ ሊውል ይችላል። ከላይ ጣርማ በር ጋራው ጠቁሮ ከዘነበ ግን ውሃው ሳይታሰብ ይደርሳል። ደራሽ የምንለው ለዚህ ነው። ስለዚህ ከላይ ያለው መንደር መጀመሪያ የሰማ ሰው «ውሃ ወረደ፣ ተቀበል» ብሎ ይጣራል። ከማዶ ያለው ተቀብሎ ለሚቀጥለው ያቀብላል። ጥሪው እንዲያ ከዳር ዳር እየተሻገረ ከውሃው ቀድሞ ይወርዳል። ክርስቲያኑ ለእስላሙ፣ እስላሙ ለክርስቲያኑ ያቀብላል። ውሃ መንገድ ላይ ያለው ደመኛህ ቢሆን እንኳ ጥሪ አይዋጥም፤ ደምህን ሌላ ቀን ትመልሳለህ። ዛሬ በስልክ ይደዋወላሉ። ያኔ ያለን ጉሮሮ ብቻ ነበር።

በመጠበቂያው በኩል ጥሪ የሚቀበለው ዘቡ ነው፤ ከካምፑ ዝቅ ብሎ ካለው ጉብታ ላይ ሆኖ። ከጉብታው የሚቀበለው ደግሞ ከማዶ ያለው አባቴ ነበር።

ዓርብ ዕለት ዘቡ ለጁምዓ ሶላት ወጣ። ከመሄዱ በፊት ለመሪው «ይህ ልጅ አለልህ፤ የወንዝ ልጅ ነው፤ ጥሪ ከመጣ ይቀበላል» ብሎ እኔን አሳየው። ያን ጠዋት አሸዋው ላይ የነብር ዱካ ተገኝቶ ነበር። መሪው ለመዝጊያው ቀን እንግዶች ሊያሳየው ቸኩሎ፣ የጀሶ ጆንያና ድስት ይዞ ብቻውን ወረደ። ልጆቹ ከኋላ የመዝጊያውን መዝሙር ያጠናሉ።

«ጎበዝ፣ ጉብታው ላይ ተቀመጥልኝ» አለኝ ሲያልፍ፤ ትከሻዬን መታ አድርጎ። አባቴን ያዋረደው ሰው ነፍሱን ለእኔ ሰጥቶ ወረደ። ረስቶት ነበር። ከእሑድ እስከ ዓርብ ረስቶታል።

ጉብታው ላይ ተቀመጥኩ። ራሴ ላይ ሰማዩ ሰማያዊ ነበር፤ ፀሐይዋ ድንጋዩን አግላዋለች። ወደ ጣርማ በር ስመለከት ጋራው የለም፤ ከሰል የመሰለ ጥቁረት ውጦታል። ከታች መሪው ጀሶውን በውሃ እየበጠበጠ ያፏጫል። ሽታው እኔ ድረስ ይወጣ ነበር። ዱካው ላይ አፈሰሰውና እስኪጠና አጠገቡ ተቀመጠ። ጀሶ ሲጠና ይሞቃል፤ መዳፉን ጫን እያደረገ፣ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚነካ ሰው ይነካካው ነበር።

መጀመሪያ የሰማሁት ከንብ ድምፅ የማይለይ ነገር ነው። ቀጥሎ ቀረበ። ከሽንኩርት እርሻው ማዶ ያለው ሰውዬ ድምፅ ነው፤ ከልጅነቴ አውቀዋለሁ።

«ውሃ ወረደ… ተቀበል።»

ተነሥቼ ቆምኩ። አየር ሳብኩ። አፌን ከፈትኩ። ከታች የመሪው ጀርባ ይታየኛል፤ ሸሚዙ በላብ ተጣብቋል፤ ዳሩ ጋርዶት ጥሪው አልተሰማውም፤ አሁንም ያፏጫል። ሰውዬው ምላሽ ሲያጣ ደገመው፣ «ተቀበል።» ያን ጊዜ የታየኝ የአባቴ ፈገግታ ነው፤ ጅግራዋን ከፍ አድርጎ፣ ፊቱ ላይ የቀረው። በእሱ ላይ አፌን የከፈትኩ ልጅ ለዚህ ሰው አልከፍትም አልኩ። አፌን ገጠምኩ። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

አላወቅኩም፣ ልጅ ነበርኩ፣ ደነገጥኩ የሚል ሰው ካለ እኔ አይደለሁም። አውቄ ነው።

አባቴ ከማዶ የመጀመሪያውን ጥሪ ከሩቅ ሰምቶ፣ ከጉብታው እስኪመጣለት መኮትኮቻውን ይዞ ቆመ። አልመጣለትም። ዓርብ መሆኑን ያውቃል፤ ዘቡ እንደሌለ ያውቃል፤ ጉብታው ላይ ማን ሊቀመጥ እንደሚችልም ያውቃል። ጥሪ የሚቋረጠው ተቀባዩ መናገር ሲያቅተው ነው፤ ሌላ ምክንያት በአገራችን አይታወቅም። ልጄ ውሃው ውስጥ ነው ብሎ ሮጠ።

ከቁጥቋጦው ወጥቶ አሸዋው ላይ ሲወርድ አየሁት። ነጠላውን ጥሎ «ልጄ፣ ልጄ» እያለ ግራ ቀኝ ያያል። ያገኘው ግን መሪውን ነው። በዚያው ጊዜ ነፋሱ መጣ፤ የበሰበሰ ቅጠልና የደጋ አፈር ሽታ ያለው ቀዝቃዛ ነፋስ። ወፎቹ ከወንዙ ዳር ተነሡ። ከዚያ ድምፁ፣ ኮረት ላይ እንደሚሄድ የጭነት መኪና። አባቴ የመሪውን ክንድ ያዘ። መሪው ግን ጎንበስ አለ፤ ጀሶውን ሊያነሣ። አባቴ ሸሚዙን ይዞ ጎተተው፤ እሱ ጀሶውን አቅፎ ይንገዳገዳል። እኔ ያኔ ጮህኩ። «አባዬ» ብዬ ጮህኩ። ጥሪ አልነበረም፤ ለጥሪማ ጊዜው አልፏል።

የውሃው ግንባር ውሃ አይመስልም፤ አረፋና ግንድ ነው፣ አንድ የሞተ ፍየልም ነበረበት። አባቴ መሪውን በእኛ በኩል ወዳለው ዳር ገፍቶ ሲያወጣው አንድ ግንድ መጥቶ ጉልበቱን ከድንጋይ ጋር አጣበቀው። ሲሰበር እኔ ሰምቼዋለሁ። በሥር ተንጠላጥሎ፣ እግሩን እየጎተተ ወጣ። መሪው አፈር ላይ ተኝቶ ያስላል፤ ጀሶው የለም።

አባቴ ራሱን ቀና አድርጎ ወደ ጉብታው አየ። እኔ እዚያው ነኝ፤ ደረቅ፣ ጤነኛ፣ ተቀምጬ።

«ደህና ነህ?» አለኝ።

«ደህና ነኝ» አልኩት።

ይኸው ነው።

ከማጀቴ ከተማ ወጌሻ መጥቶ አሸው። ጉልበቱ ግን ዳግመኛ አልታጠፈም። በመዝጊያው ቀን መሪው እንግዶቹ ፊት ቆሞ አንድ ንግግር አደረገ። ወጥመደኛ የነበረ ገበሬ በካምፑ ትምህርት ተለውጦ የሰው ነፍስ እስከማትረፍ ደረሰ አለ። አንዴ የዱር ጠላት ምሳሌ፣ አንዴ የንስሐ ምሳሌ አደረገው። ስሙን ግን አልጠራም፤ እግሩንም አላነሣም፤ የተኛበትን ሊያይም አልመጣም። እንግዶቹ አጨበጨቡ። የምስክር ወረቀቴን ተቀብዬ ወጣሁና ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ጣልኩት። በመስከረም ልጆች ሰባተኛ ክፍል ሲገቡ እኔ ሞፈር ያዝኩ። ወንድ ልጅ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እህቶቼ አግብተው ወጥተዋል።

ለመሪው ያለኝ ቂም አላረጀም። ልጆቼን ይቅር በሉ እያልኩ አሳድጌያቸዋለሁ፤ ትክክል ነው፤ እነሱ ይቅር ይበሉ። እኔ ያ ፎቶ ከአዳራሹ እስኪወርድ፣ ወይም ከጎኑ የአባቴ ስም በሙሉ እስኪጻፍ አልልም። ሰኞ ልጄንና ይህን ጽሑፍ ይዤ ካምፑ ድረስ እሄዳለሁ፤ ለአሰልጣኟም፣ ለልጄም ፊት ለፊት አነብበዋለሁ። ልጄ ስለ እኔ ያለውን ክፍል ስትሰማ በምን ዓይነት ዓይን እንደምታየኝ አላውቅም። ይገባኛል፣ ምንም ይሁን።

ከአባቴ ጋር ከዚያ በኋላ አሥራ ስምንት ዓመት አንድ ማሳ ላይ ኖርን። ጥሪው ለምን ተቋረጠ ብሎ አንድ ቀን አልጠየቀኝም። የመንደሩ ሰው ሲጠይቀው «ነፋሱ ወስዶት ይሆናል» ይል ነበር። ሊሞት ሰሞን፣ የግንቦት ሙቀት ቤቱን ሲያፍነው፣ በእርጥብ ጨርቅ እግሩን እያበስኩለት ነበር፤ ያን የማይታጠፈውን። እዚያው ጀመርኩ።

«አባዬ፣ ያን ዓርብ ጥሪውን…»

«ተወው» አለኝ። ዓይኑን አልገለጠም። «ያኔ ድምፅህ ገና ቀጭን ነበር። ብትጣራም ወንዝ አይሻገርም ነበር።»

አንገቴን ደፍቼ ጨርቁን ጨመቅኩ። አባቴ በሕይወቱ ሲዋሽ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ማሽላው በሚያፈራበት ወራት ወፍ የሚያባርር ሰው ማማ ላይ ሲያወጣ ሦስቱን ታላላቅ እህቶቼን ትቶ እኔን ነበር የሚያወጣው፤ ጎረቤቶቹ ለምን ትንሹን ብለው ሲጠይቁት፣ «የሱ ድምፅ ማዶ ይሰማል» ይላቸው ነበር፣ ደስ እያለው።